ክብደት ሲጠፋ፦ ከጠፈር ጣቢያ እስከ ሆስፒታል አልጋ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ መሰባሰብ ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ደውሎ «ስለ ጠፈር ተናገሪልን» ሲለኝ ቁጥር የተሳሳተበት መስሎኝ ነበር። እኔ እዚህ ግቢ የተማርኩት ነርሲንግ ነው፤ ኋላ ጎንደር ሄጄ ፊዚዮቴራፒ አጠናሁ። ሥራዬ የተኛን ሰው ማስነሣት ነው። «የፊዚክስ ሰዎች የሉም ወይ?» አልኩት። «አሉ፤ እነሱ ግን ቀመር ይጽፉብናል» አለኝ። የፊዚክስ መምህራን ይቅር በሉት፤ ለማንኛውም እኔም አንድ ቀመር ደብቄ መጥቻለሁ።

ደግነቱ ጠፈርና የእኔ ሥራ ከሚታሰበው በላይ ጎረቤት ናቸው። ጠፈርተኛ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው አልጋ ላይ በከረመ በሽተኛ ላይም ይደርሳል። የጠፈር ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ ምርምራቸውን በብዛት የሚያካሂዱት ሰማይ ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት ስበት የሌለበት ቦታ ስለደረሱ ይመስለዋል። አይደለም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። መንገድ ቢሆን ከእኛ ከአማኑኤል ተነሥቶ አዲስ አበባ ደርሶ ጥቂት አለፍ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሩቅ አይባልም። እዚያ ከፍታ ላይ የመሬት ስበት እዚህ ካለው 90 በመቶ ገደማ ነው። ታዲያ ለምን ይንሳፈፋሉ? ጣቢያውም እነሱም አብረው እየወደቁ ስለሆነ ነው። በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ወደ ጎን እየከነፉ ይወድቃሉ፤ መሬት ክብ ናትና ከታቻቸው እየታጠፈች ትሸሻቸዋለች። በ90 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞሯታል። እኛ «ክብደት» የምንለው ስሜት የሚመጣው ወለሉ እግራችንን መልሶ ሲገፋን ነው። የሚገፋ ወለል ከሌለ ስበት እያለም ክብደት አይሰማም።

ይህ ሲሆን ሰውነት ምን ያደርጋል? ሰውነት ቆጣቢ ነው፤ የማይሠራበትን ነገር አይቀልብም። አጥንት ለምሳሌ ድንጋይ አይደለም። በውስጡ አፍራሽና ገንቢ ሕዋሳት አሉ፤ አንዱ ይንዳል፣ ሌላው ይክባል። ገንቢዎቹ የሚታዘዙት ለሸክም ነው። ሸክም ሲቀር መናዱ ይቀጥላል፣ መካቡ ይዘገያል። በቂ የአካል እንቅስቃሴ ካላደረገ አንድ ጠፈርተኛ ከዳሌው አጥንት በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያጣል። አንዲት አሮጊት እናት በዓመት ሊያጡት የሚችሉትን እሱ በወር ይጨርሰዋል ማለት ነው። የተናደው ካልሲየም በሽንት ይወጣል፤ ስለዚህ የኩላሊት ጠጠርም ያሰጋል። ከጡንቻ ቀድመው የሚከሱት ደግሞ ቀጥ አድርገው የሚያቆሙን ናቸው፦ ባት፣ ጭን፣ ጀርባ። ወደ እግር ይወርድ የነበረው ፈሳሽ ወደ ደረትና ወደ ፊት ይወጣል፤ ፊት ያብጣል፣ እግር ይቀጥናል። ሰውነት «ውኃ በዛብኝ» ብሎ ያሸናዋል፤ የደሙ መጠን ይቀንሳል፣ ልብም ሥራ ይቀልለዋል። ለወራት የቆዩ አንዳንድ ጠፈርተኞች የዓይናቸው ነርቭ ሲያብጥና እይታቸው ሲለወጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ጠፈር ጣቢያ ላይ እያለ የአንገቱ ደም ሥር ውስጥ ደም ስለረጋ ጠፈርተኛ በሕክምና መጽሔት ላይ ተጻፈ። መድኃኒቱን ያዘዙለት ሐኪሞች ያሉት ምድር ላይ ነበር!

አጥንት ለሸክም እንደሚታዘዝ ምስክር ካስፈለገ የእኛዋ ድንቅነሽ አለች። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚሆናት ድንቅነሽ፣ አሜሪካ በሄደችበት ጊዜ ኦስቲን ላይ አጥንቶቿ በሲቲ ስካን ተነሥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች የክንዷን አጥንት ጥንካሬ ከጭኗ ጋር አነጻጸሩ። ከእኛ ጋር ስትተያይ ክንዷ ብርቱ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ በእጇ እየተሳበች ዛፍ ላይ ትወጣ ነበር አሉ። የቴኒስ ተጫዋቾችም ራኬት የሚይዙበት ክንድ አጥንት ከሌላው ይወፍራል። የጎጃም አራሽ አንድ እጁ እርፍ፣ ሌላው እጁ ጅራፍ ሲይዝ ዕድሜውን ይኖራል፤ ሁለቱን ክንዶች የሚለካ ተማሪ ቢገኝ እኔ በደስታ አነበዋለሁ።

አሁን ወደ አልጋው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1966 ዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ 5 ጤነኛ ወጣቶች ምንም ሳያማቸው ለ3 ሳምንት እንዲተኙ ተደረገ። ከዚያ በፊትና በኋላ ምን ያህል መሥራት እንደሚችሉ ተለካ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ 5 ሰዎች፣ አሁን ቦርጭ አውጥተው፣ ፈልገው እንደገና ለኳቸው። ውጤቱን ለተማሪዎቼ ስናገር ሁልጊዜ ይደግሙልኝ ይላሉ፦ በ20 ዓመታቸው በ3 ሳምንት መተኛት ያጡት አቅም፣ በ30 ዓመት እርጅና ካጡት ይበልጥ ነበር። 3 ሳምንት! እኛ አገር አንድ በሽተኛ 3 ሳምንት ተኛ ቢባል «ቶሎ ወጣ» ነው የሚባለው።

እንግዲህ ለጠፈርተኞቹ ምን ተደረገላቸው? ዛሬ በጠፈር ጣቢያው ላይ ያሉት በቀን ወደ 2 ሰዓት ስፖርት ይሠራሉ። በላስቲክ ማሰሪያ ወደ መሮጫው ተጎትተው ይሮጣሉ፤ ብረት ማንሣት ስለማይቻል (ብረቱም ይንሳፈፋልና) በቫኪዩም ሲሊንደር ከሚሠራ መሣሪያ ጋር ይታገላሉ። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተላከ ወዲህ፣ በደንብ ከበሉና ቫይታሚን ዲ ካገኙ፣ የአጥንት መሳሳቱ በጣም ቀንሷል። ነገር ግን ስፖርት ወደ ጭንቅላት የወጣውን ፈሳሽ አያወርደውም፤ የዓይኑ ችግር እንዳለ ነው። ማርስ ለመድረስ ደግሞ ብዙ ወራት ይወስዳል፤ ሲደርሱ ደግፎ የሚያወርዳቸው ሰው የለም። ስለዚህ «ክብደትን ራሱን ብንሠራውስ?» የሚለው አሮጌ ሐሳብ ተመልሶ መጣ።

አሮጌ ነው ያልኩት እውነቴን ነው። ሐሳቡን ካነሡት ቀደምቶች አንዱ ጽዮልኮቭስኪ የሚባል፣ ካሉጋ በምትባል የሩሲያ የክፍለ ሀገር ከተማ የሚያስተምር፣ ጆሮው በደንብ የማይሰማ መምህር ነበር። ሮኬት ጠፈር ሳይደርስ ገና፣ «መኖሪያውን ብናሽከረክረው ነዋሪው ግድግዳው ላይ ይቆማል» ብሎ ጻፈ። በክፍለ ሀገር ከተማ ለምታስተምሩ ሁሉ ይህችን ይዛችሁ ሂዱ።

አሠራሩን ለመረዳት ሮኬት አያስፈልግም፤ ወንጭፍ ይበቃል። እኛ አገር እህል ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ተሰቅለው ወፍና ጦጣ ይጠብቃሉ። ወንጭፍ የወንድ ነው ይሉኝ ነበር፤ ማማ ላይ ብቻዬን ስውል ግን ማን ያየኛል? ድንጋዩን ወንጭፉ ውስጥ አድርጋችሁ ስታሽከረክሩት ገመዱ እጃችሁን ይጎትታል። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ ገመዱ ወደ መሐል ይመልሰዋል። ድንጋዩ ሰው ቢሆን ኖሮ የወንጭፉ ማቀፊያ ወለል ሆኖ ሲገፋው ይሰማው ነበር። ሰው ሠራሽ ስበት የሚሉት ይኸው ነው። የደበቅኩት ቀመር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ጉተታው በገመዱ ርዝመት ልክ ያድጋል፣ በዙረቱ ፍጥነት ግን በስኩዌር ያድጋል። 1 ሜትር ወንጭፍ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ቢዞር ድንጋዩ ከክብደቱ 4 እጥፍ ይሰማዋል፤ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ቢዞር 16 እጥፍ። ጦጣዋ የምትሸሸው ወዳ አይደለም።

«ታዲያ መንኮራኩሯን ማሽከርከር ነው፤ ምን ያስቸግራል?» ትሉኝ ይሆናል። የሚያስቸግረው ጆሯችን ነው። በፍጥነት በሚዞር ቤት ውስጥ ራሳችሁን ዘወር ስታደርጉ የጆሮ ውስጥ ሚዛን ይዛባል፤ ታቅለሸልሻላችሁ። በደቂቃ 2 ጊዜ ዙረትን አብዛኛው ሰው ይችለዋል። በዚያ ፍጥነት የምድርን ያህል ክብደት ለማግኘት ግን ከመሐሉ እስከ ወለሉ 224 ሜትር ያስፈልጋል። ከዳር እስከ ዳር ወደ 450 ሜትር ነው። የሰው ልጅ ጠፈር ላይ የገነባው ትልቁ ነገር፣ ጣቢያው፣ ጠቅላላ ስፋቱ 109 ሜትር ነው። በደቂቃ 4 ጊዜ ቢዞር 56 ሜትር ገመድ ይበቃል፤ ሆዱን የሚችል ሰው ከተገኘ።

ስለዚህ እስከ ዛሬ የተሞከረው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ጀሚኒ 11 የተባለችው መንኮራኩር ከሌላ አካል ጋር በረጅም ገመድ ታስራ ቀስ ብላ ዞረች፤ የተገኘው ክብደት ግን ጠፈርተኞቹ የሚሰማቸው ዓይነት አልነበረም። በ1977 ሶቪየቶች አይጦችን በሳተላይት ውስጥ በሚዞር ማሽን ላይ አኖሩ። ጃፓኖች ለጠፈር ጣቢያው ትልቅ የእንስሳት ማሽከርከሪያ ክፍል እየሠሩ ነበር፤ በ2005 ፕሮጀክቱ ተሰረዘ፤ ክፍሉ ዛሬ ጹኩባ ከተማ ለእይታ ቆሟል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከዚያ ፕሮጀክት የበለጠ መሰረዝ የሚገባቸው ብዙ ነበሩ። ሆኖም ጃፓኖቹ ተስፋ አልቆረጡም፤ በ2016 ትንሽዬ ማሽከርከሪያ ልከው 12 አይጦችን ለ35 ቀን አቆዩ። ግማሾቹ ተንሳፈፉ፣ ግማሾቹ በዙረት የምድርን ክብደት አገኙ። የተንሳፈፉት አጥንትና ጡንቻቸው ሳሳ፤ የዞሩት ሳይጎዱ ቀሩ። አይጥ በመሆናቸው አትናቁት፤ ክብደት በእርግጥ መድኃኒት እንደሆነ እዚያው ጠፈር ላይ በግልጽ ያሳየ ሥራ ነው።

በሰው ላይ የተሞከረው ጀርመን ነው፣ ኮሎኝ ውስጥ፣ በ2019። 24 ፈቃደኞች ለ60 ቀን ተኙ። አልጋው በራስጌ በኩል 6 ዲግሪ ዝቅ ያለ ነው፤ ፈሳሹ እንደ ጠፈር ወደ ጭንቅላት እንዲሄድ። ሲበሉም ሲታጠቡም ሽንት ቤትም ተኝተው ነው። ከ24ቱ 16ቱ በየቀኑ 30 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ላይ ተኝተው ይሽከረከሩ ነበር፤ ራሳቸው ወደ መሐል፣ እግራቸው ወደ ውጭ ሆኖ፣ እግራቸው ጋ ከምድር 2 እጥፍ ያህል ክብደት እየተሰማቸው። ለድካማቸው ከ16 ሺህ ዩሮ በላይ ተከፈላቸው። ሁላችሁም አሁን በልባችሁ በብር እያሰላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ውጤቱ? 30 ደቂቃው ጥቂት ረድቷል፤ አጥንቱንም ጡንቻውንም ልቡንም ሙሉ በሙሉ አልጠበቀም። ለእኔ ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ተሽከርካሪዎቹ የተኙ ነበሩ፤ ክብደቱ መጣላቸው እንጂ አልታገሉትም። ቀጥሎ ቱሉዝ፣ ፈረንሳይ ውስጥ እየተሽከረከሩ ብስክሌት መምታት ተሞከረ። ሰውነት የሚፈልገው ክብደትን ከሥራ ጋር ነው። ይህን የሚያህል ገንዘብ ፈስሶ ሊሠራ የተፈለገው ነገር፣ አንድ ሰው ከአልጋው ወርዶ፣ ቆሞ፣ አሥር እርምጃ ሲሄድ የሚያገኘው ነገር ነው። እዚህ ምድር ላይ በነፃ።

ጠፈር የሀብታም ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። አገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ን ከቻይና ስታስወነጭፍም ብዙ ተብሏል። ሳተላይቷ ውስጥ ሰው የለም፤ ክብደት ያጣ ሰው ያለን ግን በየዋርዱ ነው።

አጎቴ አማኑኤል ውስጥ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ ጭኑን ሰበረው። የጭን አጥንቱ ነው የተሰበረው። የተወሰደበት ሆስፒታል የማስገቢያው ብረት አልነበረም፤ ስለዚህ ከጉልበቱ በታች ብረት ተሰክቶ፣ በገመድ ክብደት ተንጠልጥሎበት፣ በጀርባው 8 ሳምንት ተኛ። ትራክሽን የምንለው ነው። አስቡት፦ ስበት በገመድ ታስሮ አልጋው ግርጌ ተንጠልጥሏል፣ በሽተኛው ግን የእሱን ድርሻ ተነፍጓል። አጥንቱ ግሩም ሆኖ ገጠመ፤ በዚህ ሐኪሞቹን አመሰግናለሁ። ነገር ግን በ8 ሳምንት ውስጥ ያልተሰበረውን እግሩን እንዲያንቀሳቅስ አንድም ሰው አልነገረውም። እኔ ያኔ ሩቅ ነበርኩ። ገመዱ ተፈትቶ ሲቆም ዓይኑ ጨለመበት፣ ተደግፎ ተቀመጠ። ባቱን ዳሰሰና «አንቺ ልጅ፣ እግሬን የት አደረጋችሁት?» አለኝ። የጠፈርተኛ እግር ነበር።

ከዚያ ቤት ገባ፤ ጠያቂው መጣ። የእኛ ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በማስተኛት ነው። «ኧረ አትነሣ! አጥንትህ ይጥና! ምን ጎደለህ?» ይለዋል፤ ገንፎውን፣ ጠላውን አልጋው ድረስ ያመጣለታል። ተነሥቶ ሲያዩት ቤተሰቡን ይቆጣሉ፤ «ታማሚ ያስለፋሉ» ተብሎ ይወራል። እኔ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ አስቆፍሬ አግዳሚ አስመታሁለት። (ያንኑ የጣለውን ዛፍ ነው፤ ጥሩ እንጨት ነበር።) መጀመሪያ ይዞ መቆም፣ ቀጥሎ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ማዛወር፣ ቀጥሎ እርምጃ። ያለ ዱላ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ወራት ወስዶበታል። ተኝቶ ያጣውን ለመመለስ ከተኛበት ጊዜ የበለጠ ነው የፈጀው።

እዚህ ላይ ነገሩ እንዳይጋነን፦ ክብደት ሁሉ መድኃኒት ነው አላልኩም። እናቶቻችን ውኃ የሞላ እንስራ አዝለው ዳገት ሲወጡ አጥንታቸው ይጠነክር ይሆናል፤ ወገባቸውና ማሕፀናቸው ግን ዕዳውን ይከፍላል። ወጌሻም ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ ካሰረ በኋላ ጣትህን አንቀሳቅስ የሚል አዋቂ ወጌሻ አይቻለሁ። ዕረፍት የሚያስፈልገው ሕመምም አለ። የተሰበረው እግር መቼ ክብደት እንደሚሸከም የሚወስነው የሚያክመው ሐኪም ነው። የተቀረው አካል ግን አልተሰበረም። ቁርጭምጭሚትን በየሰዓቱ ወደ ላይ ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ የጭንን ጡንቻ ማጥበቅና መልቀቅ፣ ከአልጋው በላይ በታሰረ ገመድ ራስን ማንሣት፣ ሲፈቀድ ቶሎ መቀመጥ፣ ሲፈቀድ ቶሎ መቆም፤ ይህ ሁሉ መሣሪያ አይፈልግም። አንድ ባት ብቻ አብጦ ካመመ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ግን ማሸት የለም፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና በፍጥነት ወደ ሐኪም ነው። ዳሌያቸው የተሰበረ አረጋውያን ደግሞ ቀዶ ሕክምና ባገኙ ማግስት እንዲቆሙ ማድረግ በዓለም የታወቀ አሠራር ነው። እኛ ጋ «ማግስት» ስል አስታማሚዎች እንደ አረመኔ ያዩኛል።

ስለዚህ ወደ ልመናዬ ልግባ፤ ያለ ልመና የሚያልቅ የማኅበር ንግግር የለም። የጤና መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ አንድ ሜትር ስጧቸው። አንድ በሽተኛ ሲተኛና ሲነሣ የባቱን ዙሪያ ይለኩ፤ ስንት ቀን ሳይቆም እንደከረመ ይቁጠሩ። ይህ ቁጥር በየዋርዱ ቢኖረን ለብዙ ነገር መከራከሪያ ይሆነናል። የምሕንድስና ክፍል ሰዎች፣ በአናጢ እጅ ከባሕር ዛፍ የሚሠራ፣ የማይንሸራተት፣ ቁመቱ የሚስተካከል መራመጃ ንድፍ እፈልጋለሁ፤ እንጨቱ ከደብረ ማርቆስ እስከ አማኑኤል መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃችኋል። ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ትልልቅ ማሽን ለመላክ እንደምታስቡ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። እስከዚያው ግን ክራንችና የአልጋ ላይ መሳቢያ ገመድ ይቀድማል፤ ሻንጣ ውስጥም ይገባል።

የሜትሩን ወጪ እኔ እችላለሁ። ከምሳ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ እገኛለሁ፤ ስማችሁን የምትጽፉበት ደብተር ይዣለሁ። አሁን ግን ከተቀመጣችሁ ከ40 ደቂቃ በላይ ሆኗችኋልና፣ እባካችሁ ተነሡ።